የባህር ወንበዴ ፊልሞች ተከታይ ክፍሎችና የተዋናዮቹ ፖለቲካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ገንዘቡም ካልተገለጸ በስተቀር የአሜሪካ ዶላር ነው። «ተከታታዩ» ሲባል «ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን» ማለት ነው፤ ጥያቄዎቹ በአብዛኛው የሚመጡት በእሱና ዋናውን ወንበዴ ጃክ ስፓሮውን በሚጫወተው በጆኒ ዴፕ ዙሪያ ስለሆነ።

ስንት ክፍል አለው? በየትኛው ቅደም ተከተል ይታይ?

አምስት ነው፤ በ2003፣ በ2006፣ በ2007፣ በ2011 እና በ2017 ወጥተዋል። በወጡበት ቅደም ተከተል ማየት ይሻላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ታሪክ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ፣ በመካከላቸው ብዙ ጊዜ ከገባ ማን ማንን እንደከዳ ይጠፋል። አራተኛው ብቻውን መታየት ይችላል፤ የቀደሙት ክፍሎች ፍቅረኞች ዊል ተርነርና ኤልዛቤት ስዋን የሉበትም። አምስቱን በተከታታይ ለማየት ወደ 12 ሰዓት ይፈጃል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በአምስቱም ፊልሞች መጨረሻ ላይ፣ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ካለቀ በኋላ፣ አጭር ትዕይንት ተቀምጧል። የሌሎቹ ቢታለፍ ያን ያህል አይጎዳም፤ የሦስተኛው ግን ይጎዳል። ኤልዛቤት ከልጇ ጋር ቆማ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመለሰውን ዊልን ስትጠብቅ የሚያሳየው እዚያ ነው፤ አምስተኛው ፊልም ደግሞ የሚነሳው ከዚያው ልጅ ነው። የወረደው ፋይል መጨረሻው ላይ ከተቆረጠ፣ ወይም ማጫወቻው ስሞቹ ሲጀምሩ ወደ ሌላ ፊልም ከዘለለ፣ ተመልካቹ ሄንሪ ተርነር ከየት እንደመጣ ግራ ይገባዋል።

አምስተኛው በአሜሪካ «ዴድ ሜን ቴል ኖ ቴልስ»፣ በብዙ ሌሎች አገሮች ደግሞ «ሳላዛርስ ሪቬንጅ» ተብሎ ነው የታየው። ፊልሙ ያው አንድ ነው። ሁለተኛውን ስም አይተው ስድስተኛ ክፍል የወጣ የሚመስላቸው አሉ፤ አልወጣም።

ከ2003 በፊት የባህር ወንበዴ ፊልም ለምን እንደ ሞተ ይቆጠር ነበር?

በዋናነት በአንድ ፊልም ምክንያት። በ1995 የወጣው፣ ጊና ዴቪስ መሪ ተዋናይት የሆነችበት «ከትስሮት አይላንድ» ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በአሜሪካ ያስገባው 10 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ያሠራው ካሮልኮ የሚባል ኩባንያ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከመድረሱ በፊት ኪሳራ አውጆ ነበር። ከዚያ በኋላ መርከብ፣ ሰይፍና ውኃ ያለበትን ታሪክ ይዞ ወደ ስቱዲዮ የሚሄድ ሰው ሰሚ አልነበረውም።

ተከታታዩን የሚያሠራው ዲዝኒ በ2003 የተነሳው ከመጽሐፍ ሳይሆን ካሊፎርኒያ ባለው መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ በ1967 ከተከፈተው የጀልባ መዝናኛ ነው። ወደ 140 ሚሊዮን ወጣበት፤ በዓለም ዙሪያ ወደ 654 ሚሊዮን ተመለሰ። ተከታይ ክፍል እንዲሠራ ያስወሰነው ይኸው ቁጥር ነው።

ስለ ጊና ዴቪስ አንድ ነገር እናክል። በ2004 በፊልምና በቴሌቪዥን ውስጥ የሴቶችን ውክልና የሚያጠና ተቋም መሥርታለች። ከተዋንያን የአደባባይ ሥራ ውስጥ ከንግግር አልፎ በቁጥር የሚለካ ነገር ካስገኙት መካከል ይህ ከፊት ይሰለፋል።

ተከታይ ክፍሎቹ ለምን ያን ያህል ውድ ሆኑ?

ባሕር ላይ መቅረጽ በራሱ ገንዘብ ይበላል። ማዕበል ሲነሳ ካሜራውም ተዋናዩም ይጠብቃሉ፤ የሚጠብቅ ሰው ደሞዝ ግን አይጠብቅም። ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንድ ላይ የተቀረጹት የተበተኑትን ተዋንያን እንደገና ከመሰብሰብ ለመዳንና መርከቦቹንና መድረኮቹን ሁለት ጊዜ ላለመሥራት ነው። ሆኖም በ2005 የአውሎ ነፋሱ ወቅት በባሃማስ ሥራውን አስተጓጎለ፤ የሦስተኛው ወጪ ወደ 300 ሚሊዮን ደረሰ።

የአራተኛውን ወጪ ከሌሎቹ በተሻለ እናውቀዋለን። ዳይሬክተሩ ሮብ ማርሻል የፊልሙን ከፊል በብሪታንያ ስለቀረጸና የእንግሊዝ መንግሥት ለፊልም ሠሪዎች የግብር ተመላሽ ስለሚሰጥ፣ ዲዝኒ እዚያ ያቋቋመው ኩባንያ ሒሳቡን በይፋ ማስመዝገብ ነበረበት። በዚያ ሰነድ መሠረት ተመላሹ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ ወጪው ወደ 379 ሚሊዮን ዶላር ነው። ስቱዲዮዎች ራሳቸው የሚያወጡት የወጪ ቁጥር ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ስለሚሆን፣ ቁጥር ስትጠቅሱ ምንጩ የሒሳብ ሰነድ ነው ወይስ የማስታወቂያ ክፍል ብላችሁ ለዩ።

ጆኒ ዴፕ ስለ ፖለቲካ የተናገረው በትክክል ምንድን ነው?

ሁለት አጋጣሚዎች አሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወሩ ይቀላቀላሉ፤ በመካከላቸው ግን 14 ዓመት አለ።

የመጀመሪያው የ2003 ነው። ኢራቅ ከተወረረች ወራት በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ «ሽተርን» ለተባለው የጀርመን መጽሔት በሰጠው ቃል አሜሪካን ትልልቅ ጥርስ ካለው፣ ሊነክስ ከሚችል ቂል ቡችላ ጋር አመሳስሏት ነበር። በወቅቱ የሚኖረው ፈረንሳይ ነበር፤ አሜሪካና ፈረንሳይ ደግሞ በጦርነቱ ጉዳይ ተኳርፈዋል። ቁጣው ሲነሳ ንግግሬ ከአውዱ ተነጥሎ ነው የቀረበው፣ እኔ አሜሪካዊ ነኝ፣ አገሬን እወዳለሁ የሚል መግለጫ አወጣ።

ሁለተኛው የጁን 22፣ 2017 ነው። በእንግሊዝ የግላስተንበሪ ፌስቲቫል ላይ አንድ የቀድሞ ፊልሙን ለማስተዋወቅ ቆሞ ስለ ዶናልድ ትራምፕ ሲያወራ፣ አንድ ተዋናይ ፕሬዝዳንት የገደለው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎ እኔ ተዋናይ አይደለሁም፣ የምተዳደረው በመዋሸት ነው አለ፤ ቆይቷልና ምናልባት ጊዜው ደርሶ ይሆናል ብሎም ጨመረ። ነጥቡ የሚገባው ታሪኩን ለሚያውቅ ነው፤ በ1865 አብርሃም ሊንከንን የገደለው ጆን ዊልክስ ቡዝ ተዋናይ ነበር። ዋይት ሐውስ አወገዘው። ዴፕ በማግስቱ ቀልዱ መጥፎና ጣዕም የሌለው እንደነበር ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ ቀደም በ2016 መጀመሪያ በአንድ የኢንተርኔት ቀልድ ፊልም ላይ ትራምፕን ሆኖ ተጫውቷል። እሱን እንደ ሦስተኛ «ንግግር» የሚቆጥሩ አሉ፤ ትወና ነው።

ታዲያ እነዚህ ንግግሮች የፊልሞቹን ገቢ ቀነሱ?

ቀኖቹን ከገቢው ጎን አስቀምጡና ፍረዱ። የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በጁላይ 2003፣ የቡችላው ንግግር የወጣው በሴፕቴምበር ነው። ያ ንግግር ሰዎችን ከሲኒማ የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ መታየት ያለበት በሚቀጥለው ክፍል ላይ ነበር። የሚቀጥለው ግን በጁላይ 2006 በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ በአሜሪካ ወደ 135.6 ሚሊዮን ሰብስቦ የዚያን ጊዜውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓለም ደረጃም ከአንድ ቢሊዮን አለፈ።

የ2017ቱም እንደዚሁ ነው። አምስተኛው ፊልም ሲኒማ የገባው ሜይ 26 ነው፤ የግላስተንበሪው ቀልድ አራት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው የመጣው። የእንዲህ ዓይነት ፊልም የአሜሪካ ገቢ በብዛት የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ ቀልዱ ሲነገር ገቢው በአብዛኛው ተሰብስቧል። «ዴፕ ትራምፕን ስለነካ ፊልሙ ወደቀ» የሚለው ወሬ የማይሆነው እዚህ ላይ ነው፤ መንስኤው ከውጤቱ በኋላ መጥቷል።

ይልቅ የአሜሪካን ገቢ ብቻ በተራ እዩት፦ ወደ 305፣ 423፣ 309፣ 241፣ 172 ሚሊዮን። ከሁለተኛው በኋላ ያለማቋረጥ ወርዷል፤ ተዋናዩ አፉን በከፈተበት ዓመትም ባልከፈተበትም። ያው ባሕሪ፣ ያው ስካር፣ ያው ማምለጫ ሲደጋገም ተመልካች ይሰለቻል። በሌላው ዓለም ያለው ገቢ ግን ቆየ፤ አራተኛው በአሜሪካ 241 ሚሊዮን ብቻ አግኝቶ በዓለም ወደ 1 ቢሊዮን 45 ሚሊዮን ደርሷል።

ሌላም ማነጻጸሪያ አለ። ዴፕ ለመጀመሪያው ክፍል ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ በ2004 ሽልማቱን የወሰደው ግን ሾን ፔን ነው። ፔን የኢራቅን ጦርነት ከዴፕ በበለጠ ተቃውሟል፤ በ2002 በ«ዋሽንግተን ፖስት» ላይ ለፕሬዝዳንት ቡሽ ግልጽ ደብዳቤ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ባግዳድ ድረስ ሄዷል።

ዴፕ ከስድስተኛው ክፍል የቀረው በፖለቲካ አቋሙ ነው?

ይህን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በፍርድ ቤት የተነሳው የቀድሞ ባለቤቱ አምበር ኸርድ በዲሴምበር 2018 በ«ዋሽንግተን ፖስት» ያወጣችው ጽሑፍ ነው። በ2022 በቨርጂኒያ በተካሄደው የስም ማጥፋት ክስ ወኪሉ ለስድስተኛው ክፍል 22.5 ሚሊዮን ዶላር በቃል ተስማምተን ነበር፣ ከጽሑፉ በኋላ ቀረ ብሎ መሰከረ። በዲዝኒ በኩል የቀረበችው ምስክር ግን ውሳኔው ከጽሑፉ የመነጨ መሆኑን እንደማታውቅ ተናገረች። ዳኞቹ በአብዛኛው ለዴፕ ፈረዱ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2020 ለንደን ላይ አንድን ጋዜጣ በመክሰስ ያቀረበውን ሌላ ክስ ግን ተሸንፏል። ሁለቱን ፍርዶች አንድ አድርጎ «ነጻ ወጣ» ወይም «ጥፋተኛ ተባለ» ማለት ስህተት ነው፤ ሁለቱም የፍትሐ ብሔር እንጂ የወንጀል ክስ አልነበሩም።

ኻቪየር ባርደምና ፔኔሎፔ ክሩዝስ?

በዚህ ተከታታይ ውስጥ ግልጽና የቆየ የፖለቲካ አቋም ያለው ማን ነው ከተባለ መልሱ ዴፕ ሳይሆን ባርደም ነው። በ2003 በስፔን የጎያ ሽልማት ላይ ተዋንያኑ የኢራቅን ጦርነት ሲቃወሙ እሱ ተሸላሚም ተቃዋሚም ነበር። በ2011 ተባበሩት መንግሥታት ድረስ ሄዶ ስለ ምዕራባዊ ሳሃራ ሕዝብ ተናግሯል፤ በቀጣዩ ዓመትም በዚሁ ጉዳይ ዘጋቢ ፊልም አሠርቷል።

በ2014 ክረምት እሱና በአራተኛው ክፍል የተጫወተችው ክሩዝ ከሌሎች የስፔን የፊልም ሰዎች ጋር እስራኤል በጋዛ የምታደርገውን «የዘር ማጥፋት» ብሎ የሚጠራ ደብዳቤ ፈረሙ። በሆሊዉድ ቁጣ ተነሳ። ሁለቱም ማብራሪያ ሰጡ፤ ባርደም ተቃውሞዬ ለወታደራዊው ጥቃት ነው፣ ለእስራኤል ሕዝብ ክብር አለኝ አለ። ያን ጊዜ ብዙዎች የሆሊዉድ በር ተዘጋበት ብለው ነበር። ግን የአምስተኛው ፊልም ቀረጻ በ2015 መጀመሪያ ሲነሳ ካፒቴን ሳላዛር ሆኖ የቀረበው እሱ ነው፤ አሠሪውም ዲዝኒ። አሁንም ዝም አላለም፤ በሴፕቴምበር 2025 ኤሚ ሽልማት ላይ ኩፊያ የተባለውን የፍልስጤም ሻርፕ ለብሶ ታይቷል።

ሌሎቹ ተዋንያንስ?

ኪራ ናይትሊ በ2004 ከአንድ የብሪታንያ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ኢትዮጵያን ጎብኝታለች፣ በ2014 ደግሞ ከኦክስፋም ጋር ደቡብ ሱዳንን። በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ልውጣ ወይስ ልቆይ ብላ ድምፅ ስትሰጥ ወጣቶች ወጥተው እንዲመርጡ የሚቀሰቅስ፣ በስድብ የታጀበ ቪዲዮ ላይ ቀርባለች። ኦርላንዶ ብሉም ከ2009 ጀምሮ የዩኒሴፍ በጎ ፈቃድ አምባሳደር ነው፤ በ2023 ኪየቭ ሄዶ ከፕሬዝዳንት ዘለንስኪ ጋር ተገናኝቷል። ዴቪ ጆንስን የተጫወተው ቢል ናይ በ2010 ባንኮች በሚያደርጉት ግብይት ላይ ትንሽ ግብር ይጣል ለሚለው ዘመቻ አጭር ፊልም ሠርቷል። በመጀመሪያው ክፍል ብቻ የነበረችው ዞዪ ሳልዳኛ በ2025 ኦስካር ስትቀበል የስደተኛ ወላጆች ልጅ መሆኗን በኩራት ተናግራለች።

ፊልሞቹ ራሳቸው ፖለቲካ አላቸው?

አላቸው፤ ከተዋንያኑ ቃለ ምልልስ የሚበልጠውም እሱ ነው። የሦስተኛውን መክፈቻ እዩት። አንድ ሹም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያነባል። የመሰብሰብ መብት ታግዷል፣ ታስሮ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት ታግዷል፣ ጠበቃ የማግኘት መብት ታግዷል። ከወንበዴ ጋር የተባበረ ብቻ ሳይሆን የተዋወቀም ይሰቀላል። የመሰቀል ተራቸውን ከሚጠብቁት መካከል ሕፃን ልጅ አለ። ፊልሙ የወጣው በ2007 ነው፤ አሜሪካ በሽብር የተጠረጠሩ እስረኞች ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አላቸው ወይስ የላቸውም ብላ በምትከራከርበት ወቅት። ለኢትዮጵያዊ ተመልካችማ የአዋጁ ቃላት ምንም ማብራሪያ አያሻቸውም። ክፉው ገጸ ባሕሪ ሎርድ ቤኬት ደግሞ የንግድ ኩባንያ ሹም ሆኖ የመንግሥትን ጦር መርከብ የሚያዝ ነው፤ የኢስት ኢንዲያ ኩባንያን ታሪክ ያነበበ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

የቀረውም መታየት አለበት። ታሪኩ የሚካሄድበት ካሪቢያን በባሪያ ንግድ የቆመ ነበር፤ በፊልሞቹ ውስጥ ግን ባሪያ የለም ማለት ይቻላል። ጃክ ስፓሮው ከኩባንያው ጋር የተጣላው ባሪያዎችን ጭኖ መሄድ ትቶ ስለለቀቃቸው መሆኑን የሚናገር ትዕይንት ለሦስተኛው ተቀርጾ ነበር፤ ሰው ጭነት አይደለም ይላል። ከሲኒማው ቅጂ ተቆርጦ ወጣና በዲቪዲ ተጨማሪ ክፍሎች ውስጥ ቀረ። ያ ትዕይንት ቢቆይ ጃክን ሙሉ ለሙሉ ሌላ ሰው ያደርገው ነበር። መቆረጡ ትልቅ ጉድለት ነው።

በቻይና ለምን ተቆረጡ? ከቾው ዩን ፋት ጋር ግንኙነት አለው?

ሁለተኛው ክፍል በ2006 በቻይና ሲኒማ ቤቶች ጭራሽ አልታየም፤ የሙታን መናፍስትና ሰው በላዎች ስላሉበት ተከለከለ። ሦስተኛው ተፈቀደ፣ ግን የሲንጋፖሩን የወንበዴ አለቃ የተጫወተው የሆንግ ኮንጉ ቾው ዩን ፋት ከነበሩት 20 ያህል ደቂቃዎች ግማሽ ያህሉ ተቆረጠበት። ምክንያቱ ራሰ በራው፣ ፊቱ ጠባሳ ያለበት፣ ጥፍረ ረጅሙ ገጸ ባሕሪ ቻይናውያንን ያዋርዳል የሚል ነው። ስለዚህ የተቆረጠው በገጸ ባሕሪው ምክንያት እንጂ በተዋናዩ አቋም አይደለም። ቾው የሆንግ ኮንግን ሰልፈኛ ተማሪዎች በይፋ የደገፈው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው፤ ሁለቱን የሚያያይዙ ጽሑፎች ጊዜውን አሳስተዋል።

አምስተኛው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስለ ሙት መርከበኞች ሆኖ ሳለ በ2017 ያለ ችግር ገባ፤ እንዲያውም የዓለም ምርቃቱ የተካሄደው ሻንጋይ በሚገኘው የዲዝኒ ፓርክ ነው። በቻይና ያስገባው ወደ 172 ሚሊዮን ሲሆን ከአሜሪካው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ገበያው ሲያድግ መንፈሱም ተፈቀደለት።

መንግሥታት በቀረጻው ጊዜ ጣልቃ ገብተው ያውቃሉ?

አዎ፣ በሁለት አቅጣጫ። ዶሚኒካ ውስጥ ሁለተኛው ክፍል ሊቀረጽ ሲል የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ የካሊናጎ አለቃ የነበሩት ቻርልስ ዊሊያምስ ተቃወሙ፤ ካሪቦች (ካሊናጎዎቹ የሚጠሩበት ሌላ ስም) ሰው በላ ነበሩ የሚለው ቅኝ ገዥዎች የፈጠሩት ስም ማጥፋት ነው አሉ። የሰው በላዎቹ ትዕይንት ግን ከፊልሙ አልወጣም። የደሴቲቱ መንግሥት የሥራ ዕድልና የቱሪስት ገቢ ይፈልግ ነበር።

አውስትራሊያ ደግሞ አምስተኛው በኩዊንስላንድ እንዲቀረጽ ከ20 ሚሊዮን በላይ የአውስትራሊያ ዶላር ድጋፍ ሰጠች። በዚያው በ2015 ዴፕና ኸርድ ሁለት ትናንሽ ውሾችን በግል አውሮፕላን ሳያስመዘግቡ አስገቡ። አገሪቱ ከእብድ ውሻ በሽታ ነጻ ስለሆነች እንስሳ ያለ ፈቃድና ያለ ኳራንቲን አይገባም። የግብርና ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ ውሾቹ በቀናት ውስጥ ካልወጡ ይገደላሉ አሉ፤ ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ኸርድ ሐሰተኛ የመግቢያ ቅጽ መሙላቷን አምና ያለ ቅጣት በመልካም ጠባይ ዋስ ተለቀቀች፤ ጥንዶቹም የይቅርታ ቪዲዮ ሠሩ። ሚኒስትሩ በዚህ ጉዳይ ከአገራቸው ውጭ ያገኙትን ዝና በሌላ ሥራ አላገኙትም።

ስቱዲዮ ተዋናይን በፖለቲካ አስተያየቱ ማሰናበት ይችላል?

በካሊፎርኒያ የሠራተኛ ሕግ ቁጥር 1101 እና 1102 አሠሪ የሠራተኛውን የፖለቲካ እንቅስቃሴ እንዳይቆጣጠርና በማስፈራራት እንዳያስገድድ ይከለክላሉ፤ ከ1937 ጀምሮ ያሉ ናቸው። በሌላ በኩል ውሎች ውስጥ «የምግባር አንቀጽ» የሚባል አለ። በ1921 በአንድ ተዋናይ ላይ ከተነሳ ቅሌት በኋላ የገባ ሲሆን፣ ተዋናዩ በሕዝብ ዘንድ ንቀት ወይም ውርደት ካመጣ ውሉን ለማፍረስ ያስችላል። በ1947 ኮሚኒስት ናችሁ ተብለው በምክር ቤት የተጠየቁ ጸሐፊዎችን ለማባረር የተጠቀሙበት ይህንኑ ነው።

በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ማባረር አያስፈልግም። የተከታይ ክፍል ውል አብዛኛውን ጊዜ «አማራጭ» ነው፦ ስቱዲዮው ከፈለገ ይጠራል፣ ካልፈለገ ዝም ይላል። ያልተጠራ ሰው ለምን እንዳልተጠራ ለማስረዳት ይቸገራል። ተዋናይት ጂና ካራኖ በ2021 በማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎቿ ምክንያት ከዲዝኒ ሥር ካለ ተከታታይ ስትወጣ ኩባንያው ግን በይፋ መግለጫ አውጥቶ ነበር፤ በ2024 ከሰሰች፣ በ2025 በስምምነት አለቀ። ሜሊሳ ባሬራም በ2023 ስለ ጋዛ በጻፈችው ምክንያት «ስክሪም» ከተባለው አስፈሪ ፊልም ሰባተኛ ክፍል ተሰናብታለች። አንዷ ከቀኝ፣ ሌላዋ ከግራ ነው የተናገሩት። ሁለቱን ከባርደም የሚለያቸው ስቱዲዮው ያለ እነሱ ይቀጥላል ብሎ ማስላቱ ይመስለናል።

የድሮዎቹ የባህር ወንበዴ ፊልም ኮከቦችስ ፖለቲካ ነበራቸው?

ከዛሬዎቹ ይብስ ነበር። ኤሮል ፍሊን በመራው የ1940 «ዘ ሲ ሆክ» ላይ ዓለምን ልግዛ የሚለው የስፔን ንጉሥ ሂትለርን እንደሚያመለክት ተመልካቹ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ንግሥቲቱ መጨረሻ ላይ ምድር የአንድ ሰው ርስት አይደለችም በሚል መንፈስ የምታደርገው ንግግር በቀጥታ ለጊዜዋ ብሪታንያ የተጻፈ ነው። ፍሊን ራሱ በሕይወቱ መጨረሻ ኩባ ሄዶ ከፊደል ካስትሮ ጋር ሰንብቷል፤ በ1959 አብዮተኞቹን የሚደግፍ ርካሽ ፊልም ሠርቶ በዚያው ዓመት ሞተ።

በ1952 በ«ዘ ክሪምሰን ፓይሬት» ገመድ ለገመድ ሲዘል የምናውቀው በርት ላንካስተር በ1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር ባደረገበት የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ በፓሪስ የሚኖሩ አሜሪካውያን የፈረሙትን የድጋፍ ወረቀት ይዞ ተገኝቷል። በዚያው ሰልፍ ላይ ቻርልተን ሄስተን ነበር፤ በ1990 ባለ አንድ እግሩን ወንበዴ ሎንግ ጆን ሲልቨርን የተጫወተው። ሄስተን ከ1998 እስከ 2003 የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር ፕሬዝዳንት ሆነ። ስለዚህ አንድን ኮከብ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ብሎ ከመፈረጅ በፊት በየትኛው ዓመት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሶማሊያ የባህር ወንበዴዎች ጋር የሚያያዝ ፊልም በዚህ ተከታታይ አለ?

የለም። በ2009 በሶማሊያ ወንበዴዎች በተጠለፈችው «ሜርስክ አላባማ» መርከብ ታሪክ ላይ የተሠራው የ2013 ፊልም የዲዝኒም የተከታታዩም አይደለም። በእሱ ላይ የተጫወተው ሞቃዲሾ ተወልዶ ሚኒያፖሊስ የኖረው ባርካድ አብዲ ለኦስካር ታጭቶ ነበር።

የአንድን ተዋናይ አቋም ስለማልወድ ገንዘቤ እንዳይደርሰው ብፈልግ?

ገንዘቡ የሚሄድበትን ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ከትኬቱ ግማሽ ገደማው ሲኒማ ቤቱ ጋር ይቀራል፤ በቻይና ለውጭ ስቱዲዮ የሚደርሰው 25 በመቶ ነው። ተዋናዩ ዋናውን ክፍያ የሚቀበለው ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ የእናንተ ትኬት ያን አይነካውም። ትልቁ ኮከብ ከገቢ ድርሻ ከተዋዋለ ይነካዋል፤ ለዚያውም ወጪው ከተመለሰ በኋላ የሚታሰብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምንም አይደርሰውም። ከድጋሚ ስርጭት የሚገኘው ክፍያ በሠራተኛ ማኅበሩ ውል መሠረት ለትናንሾቹም ተዋንያን ይከፈላል፤ እናም ፊልሙን መተው በመጀመሪያ የሚሰማው ለእነሱ ነው።

በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ «እገሌ እንዲህ አለ» የሚል ባገኝ እንዴት ላጣራ?

መጀመሪያ ቀን ፈልጉ፤ ቀን የሌለው ጥቅስ አይታመንም። ቀጥሎ የተናገረበትን ቋንቋ፦ የ2003ቱ የዴፕ ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ፣ ከጀርመንኛ ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ የመጣ ነው፤ በየደረጃው እየጠነከረ ይሄዳል። ቪዲዮ ካለ ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን 30 ሰከንድ ስሙ። የግላስተንበሪው ቀልድ ሲዘዋወር «እኔ ተዋናይ አይደለሁም» ያለው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ተቆርጦ ነው። ከዚያ በማግስቱ የወጣ ማስተባበያ ወይም ይቅርታ ካለ ፈልጉ። በመጨረሻ ቃሉ የተዋናዩ ነው ወይስ የገጸ ባሕሪው? በአማርኛ ትርጉም የታየ ከሆነ ደግሞ ተርጓሚው ከራሱ የጨመረው ሊሆን ስለሚችል ዋናውን ድምፅ አዳምጡ።

ስድስተኛው ክፍል ይሠራል?

የ«ዴድፑል» ፊልም ጸሐፊዎች ተቀጥረው በ2019 መጀመሪያ ወጡ። በ2020 ተዋናይት ማርጎ ሮቢ የምትመራው ሌላ ፊልም እንደታሰበ ተዘገበ፤ እሷ ግን በ2022 ዲዝኒ እንዳልፈለገው ተናገረች። ፕሮዲውሰሩ ጄሪ ብራክሃይመር ከዚያ ወዲህም ሐሳቡን አልተወም፤ በ2025 ዴፕን እንዳነጋገረውና የተጻፈለትን ክፍል ከወደደው ሊመለስ እንደሚችል ገልጿል። ዲዝኒ የቀረጻ ቀን እስኪያሳውቅ ድረስ ዩቲዩብ ላይ «የስድስተኛው ማስታወቂያ» ተብሎ የሚለቀቀው በድሮ ምስሎች ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ ነው። ዕይታ ለመሰብሰብ የሚሠራ ስለሆነ የስቱዲዮውን ይፋዊ ቻናል ብቻ ተከታተሉ።